በተሳቢው ጎን የከፈትካት በር

ይድረስ ለሰኢድዬ፣ ለሀያት አባት፤

አሰላሙ አለይከ። እንደምን አለህ ብዬ ልጠይቅህ ያምረኛል፤ ግን ዛሬ ተጠያቂዋ እኔ ነኝ። ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሞላ። በየሰላቱ ስምህን እየጠራሁ ዱዓ አደርግልሃለሁ፣ የቤቱንም ወሬ ሹክ እልሃለሁ፤ አንዱን ነገር ግን አንድም ቀን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። ልጻፈው አልኩ። ወረቀት ፊት የለው፣ አያሳፍርም። ጽሑፌ ከተዥጎረጎረብህ እንደ ድሮው ግራ እጄን ውቀሰው፤ ቀለሙ ሳይደርቅ እላዩ ላይ እየሄደ ያበላሸዋል። "አንቺ ግራኝ፣ የጻፍሽው የሚነበበው እጅጌሽ ላይ ነው" ትለኝ አልነበር።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ። በብሉሚንግተኑ ሰርግ ቀን ተሳቢው ሀይዌይ ላይ ጭራውን እንደዚያ ያወዛወዘው በአንተ ጥፋት አይደለም። በእኔ ነው። እድርተኛው ሁሉ "ሰኢድ አበቃለት፣ እጁ ደከመ" እያለ ሲያማህ እኔ እውነቱን ሆዴ ውስጥ ይዤ ሻይ እቀዳላቸው ነበር። ስምህ ሲበላሽ ዝም አልኩ። ዝም እንዳልኩም ሞትክብኝ።

ቤቱ ደህና ነው። ሀያት መንጃ ፈቃድ አወጣች። "ዳድ ያድርሰኝ" ስትል የነበረችው ልጅህ አሁን አጠገቤ ተቀምጣ ፍሬቻ አላሳየሽም እያለች ትቆጣጠረኛለች። በአማርኛ ስናገራት ዛሬም የምትመልስልኝ በእንግሊዝኛ ነው። እኔ እዚያው ሆም ኬር ሥራዬ ላይ ነኝ፤ በየቤታቸው የምንከባከባቸው ሽማግሌዎች ስላንተ ይጠይቁኛል። ፒካፕህን ባትሪዋ እንዳይሞት በየሳምንቱ አስነሳታለሁ፣ ሰፈሩን አንዴ ዞር አድርጌያት እመልሳታለሁ። በከተማችን በኩን ራፒድስ እንደሷ ትንሽ ፒካፕ የለም ብለው ጎረቤቶች ዛሬም ይስቁባታል። ተሳቢው ግን አንተ ከጋራዡ ጎን እንዳቆምከው ሁለት ክረምት በረዶ ተሸክሞ ቆመ። ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ እስካነሳው ድረስ።

ወደ ቅዳሜ ከመሄዴ በፊት ግን የሰርጉን ቀን ልጨርስ። ያለዚያ እንደገና እሸሻለሁ፣ ራሴን አውቃታለሁ።

አንተ ዕድሜህን ከኮምቦልቻ ጂቡቲ ከባድ መኪና ከነተሳቢው ስትነዳ የኖርክ ሰው ነህ። እዚህ ሰው አገር መጥተህ የኤርፖርት መንገደኛ እያመላለስክ እንኳ ያ አመልህ አለቀቀህም። እድሩ ለቅሶ ወይ ሰርግ በሆነ ቁጥር ወንበሩን፣ ጠረጴዛውን፣ ድስቱን የምታደርሰው አንተ ነበርክ፤ በዚያች ትንሽ ፒካፕ፣ በዚያ ከጎረቤት በገዛኸው ዝግ ተሳቢ። እና ሰው ቆሞ እየጠበቀህ አንተ ትንበረከካለህ። ተሳቢው ከፒካፗ ኋላ ባለችው መጎተቻ ኳስ ላይ በደንብ መቀመጡን በእጅህ ነቅንቀህ ታያለህ። ማያያዣውን የምትቆልፈውን ፒን ትከታለህ። ሰንሰለቶቹን ከሥር ታጣምራለህ፣ ምናልባት ከኳሷ ቢወጣ እንኳ አንገቱ አስፋልት ላይ እንዳይወድቅ። መብራቱን ሀያትን ፍሬን አስረግጠህ ታያለህ። ጎማውን በእግርህ ሳይሆን በመለኪያ። ከዚያ ጭነቱ! ከባዱ ከጎማው ፊት፣ ቀላሉ ከኋላ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ትላለህ። "ፒካፗ ትንሽ ናት ዘሙ፤ ጭራው ከከበደ ተሳቢው ነው እሷን የሚነዳት" ብለኸኝ ነበር። እኔ እጄን አጣምሬ ደጃፍ ላይ ቆሜ አፍራለሁ። አንድ ጊዜ የእድሩ ሽማግሌ ሀጂ ኑሩ አንድ ፍሪዘር ይጨመር ብለው ከነልጆቻቸው ተሸክመው ሲመጡ "አይሆንም አባቴ፣ ይሄን አልጭንም" አልካቸው። ሽማግሌ ፊት! ሦስት ቀን አላናገርኩህም። ይሉኝታ የሌለው ወሎዬ አየሁ ብዬ ለእናቴ ስልክ ደውዬ ከስሼሃለሁ።

በዚያ በብሉሚንግተኑ፣ በጋሽ ከማል ልጅ ሰርግ ቀን ወጡ እኛ ቤት ነው የተሠራው። ጋሽ ከማል የእድሩ ሰብሳቢ፣ የሙሽራዋ አባት፤ እንዴት እንደተጨነቅሁ ታውቃለህ። አንተ ከማለዳ ጀምረህ ወንበርና ጠረጴዛውን ደርድረህ፣ በገመድ ጠፍረህ ጨረስክ። ትልልቆቹ ድስቶች ግን ገና እሳት ላይ ነበሩ። ድስት መግባት የነበረበት መጀመሪያ ነው፣ ከፊት፤ አሁን አልፎታል፣ በሰው መኪና ይሂድ አልክ። አልክና ዙህር ልትሰግድ ገባህ። ወዲያው የሙሽራዋ እናት ደወለች። እንግዳ እየገባ ነው፣ እንደደረሳችሁ መጀመሪያ ድስቶቹ ይውጡ አለችኝ። መኪና ያላቸው ሴቶች ሁሉ ሄደዋል። በእኔ መኪና ልጫነው ብል ወጡ ይደፋል፣ ደግሞ ምን ይሉኛል፤ ባሏ ተሳቢ እያለው ድስት በጉልበቷ አቅፋ መጣች ሊሉኝ ነው።

የኋላውን በር ከፈትኩት። ሁለቱን ድስቶች አንድ በአንድ በትንሿ ጋሪ በመወጣጫው ገፍቼ አስገባሁ፤ ከጫፍ፣ ከበሩ ሥር። በረዶ የሞላውን የውሃ ማቀዝቀዣም ጨመርኩበት። ከበሩ ሥር ያለው መጀመሪያ ይወጣላ! ለእኔ ይሄ ብልሃት ነበር። ዘጋሁት። አንተ ሰግደህ ስትወጣ ቀድመህ ሁሉን ፈትሸህ ስለነበር ያንን በር እንደገና አልከፈትከውም። ለምን ትከፍተዋለህ? ሚስትህን ታምናለህ።

ከኋላህ በመኪናዬ ነበርኩ። ጋሽ ከማልም መንገድ ላይ ደርሶብን ከእኔ ኋላ ነበር። ሀያት አንተ ጋ ገብታለች። 35ደብሊው ሀይዌይ ላይ ቁልቁለቷን ስትጀምር ተሳቢው መጀመሪያ ትንሽ ወደ ግራ አለ፣ መለስ አለ፣ ወደ ቀኝ አለ፣ ከዚያ እየባሰበት ሄደ። ከነፒካፗ ሲያንገላታችሁ፣ ተሳቢው ወደ ጎን በወጣ ቁጥር የልጄን ጭንቅላት በኋላ መስታወቱ ወዲያና ወዲህ ሲል አየሁ። ላኢላሃ ኢለላህ እያልኩ ተከተልኳችሁ። የፍሬን መብራትህ አልበራም። ቀስ በቀስ ዘገምክ፣ ዘገምክ፣ ተሳቢው ረጋ።

አዳራሹ ጋ እንደወረድክ በቀጥታ ወደ ተሳቢው ሄድክ። የኋላውን በር ከፈትከው፣ ድስቶቹን አየሃቸው፣ ወጡ ግድግዳው ላይ ተረጭቷል። ድምፅህን ዝቅ አድርገህ እነዚህን እዚህ ማን አስገባቸው አልከኝ። ጋሽ ከማል አጠገባችን ቆሟል፣ ሴቶቹ እየመጡ ነው። እኔ እንጃ አልኩህ። ይሄ አልበቃኝም። አንተው አይደለህ እንዴ ያስገባሃቸው፣ ረስተኸው ይሆናል አልኩህ።

ረስተኸው ይሆናል! ወይ አፌ።

ያን ጊዜ ያየሁትን ፊትህን አልረሳውም። አልተቆጣህም። ግራ ገባህ። ግንባርህን በመዳፍህ ጠረግህና "ይሆናል" አልክ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ከማል ያየውን ለሁሉም አወራው፤ ሰውየው የተናገረው ያየውን ነው፣ አልዋሸም። ለቅሶ ሲሆን ትልቅ መኪና ያለውን አንድ ልጅ መጥራት ጀመሩ። ስልክህ ዝም አለ። ሀያት ፒካፗ ውስጥ አልገባም አለች፣ "ዳድ ኢዝ ጌቲንግ ኦልድ"፣ አባቴ እያረጀ ነው ስትል በጆሮህ ሰምተሃል። አንተ ደግሞ ሐኪም ጋ ሄደህ የማስታወስ ችሎታዬን መርምሩልኝ አልክ። አስመረመርክ፣ ሰኢድዬ! አብሬህ ሄጄ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁህ፤ ሐኪሙ ጭንቅላትህ ከእኔ ይሻላል ብሎ እየሳቀ ሸኘህ፤ አሁንም ዝም አልኩ። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ። ራሴንም ነፋስ ነው አልኳት። የዚያን ቀን ነፋስ ነበረ፣ ነፋሱ ነው የገፋው፣ ድስት ምን ያደርጋል። ደጋግሜ ስለው አመንኩት። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ እኔ ግን ሆዴንም አታለልኩት።

በዚያው መከር ተሳቢውን መቅደድ ጀመርክ። ሥራ ውዬ ስመጣ ጎኑን በመጋዝ ከፍተህ ብርድ ላይ ቆመሃል። ማንም ላይጠራህ ምን ያስቀድድሃል ብዬ ጮህኩብህ። "ለወገቤ ነው፣ ዕቃ በጎን ላወጣ" አልክ። አንድ ጠዋት ደግሞ ለሥራ ስጣደፍ ጠርተህ እዚህ ቁሚ እስቲ፣ እጅሽን ዘርጊ አልከኝ። ዘረጋሁልህ፣ በእርሳስ ምልክት አደረግህ፣ እኔ እንደ ሜትር እየቆጠርከኝ ነው ብዬ ተነጫንጬ ሄድኩ። ጥር ላይ ልብህ ቆመች። በሩን ከፍቼ አይቼው አላውቅም። አጠገቡ ማለፍ እንኳ ይከብደኝ ነበር።

አሁን ቅዳሜ።

ሀጂ ኑሩ ዐርፈው፣ ሜፕልዉድ ቤታቸው ሰደቃ ነበር። ትልቅ መኪና ያለው ልጅ አገር ቤት ሄዷል። ጋሽ ከማል ደውሎ እያፈረ እየተንተባተበ፣ ተሳቢው አለ አይደል፣ ነጂ እንፈልግለት ይሆን አለኝ። ነጂ አያስፈልገውም፣ እኔ አመጣዋለሁ አልኩት። እልህ ነው፣ አልዋሽህም። የሰኢድ ተሳቢ በሰኢድ ሚስት እጅ ደህና ሲገባ እንዲያዩ ፈለግሁ። ስምህን በዚያ የማድስ መስሎኝ።

ሀያት ሰምታ ፊቷ ዓመድ መሰለ። ብቻሽን አትሄጂም አለች፣ አሁንም በእንግሊዝኛዋ። ከሰርጉ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፒካፗ ውስጥ ገባች፤ ለእኔ ብላ። ልጄን በገዛ እጄ ያቺው ወንበር ላይ መልሼ አስቀመጥኳት።

እንዳየሁህ አደረግሁ። ኳሷን ነቀነቅሁ፣ ፒኗን ከተትኩ፣ ሰንሰለቶቹን ከሥር አጣመርኩ። ሀያት ፍሬን ረገጠች፣ መብራት አየሁ። ጎማውን ነፋሁት፣ በመለኪያ። ጉልበቴን አሞኝ ስነሳ የሳቅክብኝ መሰለኝ። ወንበሮቹን ከፊት እስከ ኋላ ደረደርናቸው፤ ከፊት ወለሉ ላይ የነበረውን ሳጥን ልብ ሳልለው ወንበር ቆለልኩበት። የሰደቃው ድስቶች እኛ ቤት እሳት ላይ ነበሩ። ልክ እንደዚያ ቀን። ከሜፕልዉድም ስልኩ መጣ፤ ሰው ሞልቷል፣ ዱዓው ሊደረግ ነው፣ ድስቶቹ ቶሎ ይድረሱ። እኔም ድስቶቹን በዚያችው ጋሪ፣ በዚያው መወጣጫ፣ ከዚያው በር ሥር። ነፋስ ነበር ብዬ አይደል ራሴን ያሳመንኩት? ቅዳሜ ደግሞ ቅጠል የሚያንቀሳቅስ ነፋስ አልነበረም።

ሀይዌይ 10 ላይ ደህና ነበርን። ፒካፗ ኋላዋ ቀለል ብሎ ጭነት የሌላት መስላኛለች፤ እንዴት ተመቸኝ አልኩ እንጂ አልጠረጠርኩም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ስትል የኖርክ ሰው ሚስት! 694 ሀይዌይ ላይ ገባሁ። ሀያት የበሩን እጀታ ይዛ አንድም ቃል አትናገርም። አንድ ረጅም ከባድ መኪና በግራዬ ሲያልፈኝ አየሩ ገፋን፣ ከዚያ ሳብ አደረገን። ስፖኪዮ ውስጥ የተሳቢውን ጎን አየሁት። ማየት አልነበረብኝም። ቀጥሎ በቀኙ ስፖኪዮ አየሁት። ቀጥሎ በግራው።

ሰኢድዬ፣ መቀመጫዬ ከሥሬ ሄደ። ፒካፗ እኔን አትሰማም። እኔ ወደ ቀኝ ስል እሷ ወደ ግራ፣ እኔ ሳርማት ተሳቢው ይብሳል፣ በየምልሱ ይሰፋል፣ ጎማው ይጮሃል፣ ከኋላዬ ያሉ መኪኖች ጡሩምባቸውን ያስጮሃሉ። ሀያት "ማም! ማም! ማም!" ትላለች፣ ሌላ ቃል ጠፋባት። እግሬ ፍሬኑ ላይ ወጥቷል። ልረግጠው ነው። መላ ሰውነቴ ርገጪው ይለኛል። በሰርጉ ቀን የፍሬን መብራትህ እንዳልበራ ያስታወስኩት ያኔ ነው። ከኋላህ ሆኜ አይቻለሁ። ሲወዛወዝ እግርሽን ከነዳጁ አንሺ፣ ፍሬን አትንኪ፣ መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ወዲያ ወዲህ አታዙሪው፣ እሱ ራሱ ይደክመዋል ብለኸኝ ታውቃለህ፤ ያኔ በግማሽ ጆሮ ነበር የሰማሁህ።

እግሬን አነሳሁት። ሁለቱንም እግሬን ወለሉ ላይ አደረግሁ፣ እንዳልረግጥ። መሪውን ጨብጬ ቢስሚላህ፣ ቢስሚላህ እላለሁ። አንድ ጊዜ ወደ ሌላው መስመር ገባን፤ እዚያ መኪና ቢኖር ኖሮ ይሄን ደብዳቤ የሚጽፍ የለም። ተሳቢው ገፋን፣ ሳበን፣ ገፋን። ከዚያ ትንሽ ቀለለው። ትንሽ ደግሞ። እየዘገምን መጀመሪያ ባገኘሁት መውጫ ወጣሁና አንድ የተዘጋ ሱቅ ሰፊ መኪና ማቆሚያ ላይ ቆምኩ። ሞተሩን አጠፋሁ።

ሀያት እያለቀሰች ነው። ልክ እንደ ዳድ፣ ልክ እንደዚያ ቀን አለች። የዳድ ጥፋት ነው ብዬ ነበር፣ አንቺም እንደሱ አደረግሽው፣ መኪናዋ ናት እንዴ ችግሩ አለችኝ። እዚያ ላይ ነው የወጣልኝ። መኪናዋ አይደለችም፣ አባትሽም አልነበረም፣ ድስቶቹን ከኋላ የጫንኳቸው እኔ ነኝ አልኳት። ያን ቀንም እኔ ነኝ። ዛሬም እኔው ነኝ። ሲጠይቀኝ ዋሸሁት፣ ረስተኸው ይሆናል አልኩት፣ ሐኪም ቤት ድረስ ሰደድኩት አልኳት። ልጅህ አየችኝ። ጮኸችብኝ ብልህ ይቀለኝ ነበር። በሩን ከፍታ ወረደች። ጥላኝ የሄደች መሰለኝ። ከተሳቢው ኋላ ቆማ፣ እንባዋን በእጅጌዋ እየጠረገች፣ በአማርኛ "ነይ፣ እናውጣው" አለች።

ሁሉንም አወጣነው። ስልሳውን ወንበር፣ ጠረጴዛውን፣ ሁሉንም አስፋልቱ ላይ ደረደርነው፤ አላፊ አግዳሚው ጋራዥ ሴል፣ አሮጌ ዕቃ የምንሸጥ መስሎት እየቆመ ያየናል፣ አንዲት ሴትዮማ ወንበሩ ስንት ነው አለችን። ከአንደኛው ድስት ወጡ ተደፍቶ ወለሉ ቀይ ሆኗል። የቸኮለች ሚስትህ ይኸው አፍሳ ለቀመች፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ በፎጣ። ከሜፕልዉድ ስልኬ ይጮሃል። ሀያት አንስታ ማሜ እንደገና እየጫነች ነው፣ ትዘገያለች ብላ ዘጋችው። እኔ ብሆን ደርሰናል፣ በር ላይ ነን እል ነበር።

ተሳቢው ባዶ ሲሆን ከፊት፣ ከጎማው ወደዚያ፣ ወለሉ ላይ ያበጀኸውን ልብ ብለን አየነው። የእንጨት ሳጥን፣ ላዩ ላይ ሁለት ክብ ቀዳዳ። ከጎኑ ያቺ የቀደድካት በር። ድስቶቹን ገፍተን ቀዳዳው ውስጥ ስናስቀምጣቸው ልክ ገቡ። ልነቅንቃቸው ብል አልነቃነቅ አሉ። ሀያት፣ ዳድ ለወገቤ ነው ያለሽ ይሄን ነው አለችኝ። አዎ አልኩ። ወንበሩን ከኋላ ደረደርነው፣ ጠፈርነው፣ ሰንሰለቱን እንደገና አየሁ፣ ፒኗን እንደገና።

በቀኝ መስመር፣ በዝግታ ጉዞ ቀጠልኩ። ፒካፗ ኋላዋ ከበድ ብሎ መንገዱ ላይ ተቀመጠች። ሌላ ከባድ መኪና አለፈን። ምንም። ተሳቢው ዝም ብሎ ተከተለን። ሀያት እጀታውን የለቀቀችው ሜፕልዉድ ልንደርስ ስንል ነው።

ዱዓው አልፎ፣ ሰው ርቦት ደረስን። ወንዶቹ ከጋራዡ ወጥተው ከበቡን፤ ጋሽ ከማል ድስቶቹ በጎን ናቸው ስለው ሄዶ የጎኗን በር ያዘ። መቀርቀሪያዋን በቀኝ እጁ ሊያነሳ ይላል፣ ክንዱ ከበሩ ጋር ይጋጭበታል፣ ዞሮ ይሞክራል፣ ጣቱን ቆነጠጠችው። ሌላውም ሞከረ። "አላህ ይዘንለትና ይሄንንም ገልብጦ ነው የገጠመው፤ ሰኢድ መጨረሻ ላይ በጣም ደክሞት ነበር" አለ ጋሽ ከማል። በክፋት አይደለም። በሀዘኔታ ነው ያለው።

ላግዘው ብዬ ጠጋ አልኩ። ሳላስብ እጄን ዘረጋሁ። የዘረጋሁት እንደ ሁልጊዜዬ ግራ እጄን ነው። መቀርቀሪያዋ መዳፌ ውስጥ ገባች። ሳልንጠራራ፣ ሳላጎነብስ፣ ልክ በእርሳስ ምልክት ያደረግህበት ቦታ ላይ። ቀለል ብላ ተነሳች፣ በሩ ተከፈተ፣ ሁለቱ ድስቶች ከፊቴ ቆመዋል። መጀመሪያ የሚወጡት እነሱ ናቸው። ከጎማውም ፊት ናቸው።

እድራችን ውስጥ ግራኝ ማን አለ፣ ሰኢድዬ? ሐኪሙ አንተ አትረሳም ካለህ በኋላ፣ ድስቶቹን ያስገባው ማን ሊሆን ይችላል? ቁጭ ብለህ አስበህ ደርሰህበታል። ደርሰህበት ደግሞ መጋዝ አነሳህ። ለወገቤ አልከኝ። ያ ሁሉ ብርድ ላይ መቆም፣ ያ ሁሉ ጩኸቴ፣ ለእኔ ድስት ነበር።

መወጣጫው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሀዘንተኛው ሁሉ ለሀጂ ኑሩ ያለቀስኩ መስሎት አይዞሽ አለኝ። ተነሳሁና እዚያው፣ በሽማግሌው ሁሉ ፊት፣ ተናገርኩ። ሰኢድ ገልብጦ አልገጠመውም፣ በእኔ እጅ ልክ ነው የገጠመው አልኩ። በልጅህ ሰርግ ቀን ድስቶቹን ከኋላ የጫንኩት እኔ ነኝ፣ ጋሽ ከማል፤ አንተ አጠገባችን ቆመህ ሲጠይቀኝ የዋሸሁት ደግሞ አንተን አፍሬ ነው አልኩት። እጁ አልደከመም ነበር። የዚያን ቀን ልጄን ያተረፈው ያ እጅ ነው አልኩ። ድምፄ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም። ሴቶቹ ጭልፋቸውን ይዘው ቆመዋል። ምን ይሉኝ አላልኩም። ሊሉኝ የሚችሉትን ሁሉ ይበሉኝ።

ጋሽ ከማል የተቆነጠጠ ጣቱን ለቆ ወደ በሩ ተጠጋ። ከዚያ መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈና፣ ለእኔ ሳይሆን ለተሳቢው፣ "አውፍ በለኝ ሰኢድ" አለ። ድስቱን በአንድ በኩል አነሳ፣ ሀያት በሌላ በኩል። ሰው በላ።

አውቄብሻለሁ ብትለኝ ኖሮ እጣላህ ነበር፤ አላደረግሁም ብዬ እምልልህ፣ አልቅሼ ቤቱን አተራምሰው ነበር፣ ታውቀኛለህ። ለዚህ ነው በር የቀደድክልኝ። ይቅር ብለኸኝ እንደነበር እንኳ ሳላውቅ ቀበርኩህ። ይሄ ያንገበግበኛል፣ አልደብቅህም።

አሁን እንዲህ ነው የማስታውስህ። እድሩ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለእኔ ሰጥቷል። ሀያትን እሁድ እሁድ መጎተት አስተምራታለሁ፤ ኳሷን፣ ፒኗን፣ ሰንሰለቱን ስታይ በአማርኛ ትቆጥራለች፣ እንደ አባቷ። ሽማግሌም ቢሆን፣ የሙሽራ እናትም ብትሆን፣ ከበር ሥር ይህቺን ብቻ ጨምሪልኝ ቢሉኝ አይሆንም እላለሁ፣ የሰኢድ ሚስት ነኝ እላለሁ። መቀርቀሪያዋን በቀኝ እጅ እንዲመች እንገልብጣት ያሉኝም አሉ። አላስነካም።

የአንተው ግራኝ፣
ዘምዘም